በወጪ መዝገብ ላይ የማይታየው ሠራዊት፦ ከሲዘር 3 የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እንዴት እጄ ገባ

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ልጅ ላፕቶፑን አቅፎ ቤቴ መጣ። ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሲዘር 3 ይጫወታል። እኔ ጌሙን ለብዙ ዓመታት ስለተጫወትኩት አንዳንዴ ይጠይቀኛል። የዚያን ቀን ግን ለጥያቄ አልመጣም። «ጋሼ፣ ይቺ ከተማ አልቆላታል። ላጠፋትና ከመጀመሪያው ልጀምር ነው። ከዚያ በፊት አንዴ ይዩልኝ» አለኝ።

አየኋት። 4,000 ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ካዝናዋ 3,900 ዲናር እዳ ውስጥ ገብቷል። ቄሳር ዘንድ ያላት ሞገስ ከ100 ውስጥ 24 ብቻ ነው። በግዛቱ ካርታ ላይ ደግሞ የጠላት ጦር ምልክት እየተጠጋ ነው። ለመድረስ አንድ ዓመት ያህል ቀርቶታል።

ልጁ ምክንያቱን ያወቀ መስሎታል። እኔም ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። ትክክለኛውን ያየችው ጌሙን አንድም ቀን ተጫውታ የማታውቅ ታላቅ እህቱ ናት። ጉዳዩን የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከተማ በሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ላይ ሊደርስ የሚችል ስህተት ነው።

ስለ ጌሙ፣ ለማያውቁት

ሲዘር 3 እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጌም ነው። የሠራው ኢምፕሬሽንስ ጌምስ፣ ያሳተመው ሲዬራ ነው። ተጫዋቹ የአንድ የሮም አውራጃ ገዥ ይሆናል። ባዶ መሬት ላይ መንገድ ይዘረጋል፣ ውኃ ያስገባል፣ እርሻና ገበያ ያቋቁማል። ሹመት ባገኘ ቁጥር ቀጣዩን አውራጃ ይመርጣል። አንዱ ሰላማዊ ነው፣ ሌላው ጦርነት ያለበት። ጌሙ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። በጎ ፈቃደኞች የሠሯቸው ጁሊየስና ኦገስተስ የተባሉ ክፍት ፕሮግራሞች ደግሞ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይም ሕይወቱን አራዝመውለታል።

ገንዘቡ ዲናር ነው፤ ከወንጌል የምናውቀው፣ የወይን አትክልት ሠራተኞቹ የቀን ደመወዛቸውን የተቀበሉበት ዲናር። ግብሩ ሲጀመር 7 በመቶ ነው። የተለመደው ደመወዝ ለ10 ሠራተኞች በዓመት 30 ዲናር ነው። ካዝናው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደርቅ ሮም አንድ ጊዜ ትደርስልሃለች። ከዚያ በኋላ እስከ 5,000 ዲናር እዳ መግባት ይቻላል፤ ወለዱ በዓመት 10 በመቶ ነው። እዳ ውስጥ ሆኖ ዓመቱን የዘጋ ከተማ ለሮም የሚገባውን ድርሻ አይልክም፣ ያ ደግሞ ሞገስን ይቀንሳል። ሞገስ ጨርሶ ከወደቀ ቄሳር የራሱን ጦር ይልክብሃል።

ስለ ሠራዊቱ። አንድ ምሽግ 16 ወታደሮች ይይዛል። ከፍተኛው 6 ምሽግ ነው። ሦስት ዓይነት ወታደር አለ፦ ከባድ እግረኛው ሌጂዮነር፣ ጦር ወርዋሪውና ፈረሰኛው። የሚያሠለጥናቸው አንድ የጦር ካምፕ ነው። ሌጂዮነር ለመሆን እያንዳንዱ ሰው አንድ ጭነት የጦር መሣሪያ ይፈልጋል። ሁለቱ ሌሎቹ አይፈልጉም። ከዚያ ወዲያ ወታደሩ ወርኃዊ ደመወዝ የለውም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከተማዋ የቆመችባቸው ሁለት እግሮች

ይቺ ከተማ የምትኖረው በሁለት ዕቃዎች ሽያጭ ነበር። አንዱ ሸክላ ነው። ጭቃው ከራሷ መሬት ይወጣል፣ አንድ ጭነት በ140 ዲናር ይሸጣል። ሌላው የጦር መሣሪያ ነው። ብረቱን ከጎረቤት ከተማ በ60 ዲናር ትገዛለች፣ ወርክሾፖቿ መሣሪያ ያደርጉታል፣ በ180 ዲናር ትሸጠዋለች። በንግድ ውሉ መሠረት ከእያንዳንዱ ዕቃ በዓመት 25 ጭነት ይገዟታል።

ይህ ጥሩ ዕቅድ ነው። ልጁ ጎበዝ ተጫዋች ነው፣ ያንን መካድ አይቻልም። ለአምስት ዓመት ያህል ከተማዋ ያለ ችግር አደገች። ከዚያ የጠላትን ምልክት ካርታው ላይ አየና ደነገጠ። ሦስት የሌጂዮነር ምሽጎች ባጭር ጊዜ ውስጥ ሠራ። 48 ወታደር ማለት ነው። ማማዎችና ግንብም ጨመረ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሕዝቡን ለማስደሰት የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ገንብቶ ነበር።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ምሽጎቹ ውስጥ የነበሩት 35 ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ምሽጎች ሞልተዋል፣ ሦስተኛው ውስጥ 3 ሰው ብቻ አለ።

መጀመሪያ የመሰለን

ልጁ «ሠራዊቱ በላኝ» ይል ነበር። ግን የወጪውን ገጽ ሲያይ የሠራዊት ወጪ የሚል መስመር የለም። ስለዚህ ግራ ገብቶት ሌላ ነገር ላይ ዘመተ። ግብሩን ከ7 ወደ 12 በመቶ አወጣው። ደመወዙን ከ30 ወደ 26 አወረደው። ለራሱ ግን ከማዕረጉ በላይ ደመወዝ ቆርጦ ነበር። ማዕረጉ ፕሮኩራተር ነው፣ ለዚያ የሚገባው በወር 20 ዲናር ነው። እሱ የኮንሱሉን 60 ይወስድ ነበር። የግል ቁጠባ ወደሚቀጥለው አውራጃ ስለሚሻገር ብዙ ተጫዋች እንዲህ ያደርጋል። ቄሳር ግን ያያል፣ ሞገስም በዚህ ይቀንሳል።

እኔ ደግሞ አይቼ «ግንባታ አብዝተሃል» አልኩት። ከፊሉ እውነት ነበር፣ ዋናው ግን አልነበረም።

በዚህ መሃል ከተማዋ ውስጥ የሆነው እንዲህ ነው። ግብር ሲጨምርና ደመወዝ ሲቀንስ ሕዝቡ ከፋው። ሌቦች ካዝናውን መስረቅ ጀመሩ። ሰው ከተማዋን እየለቀቀ ወጣ። ሠራተኛ አነሰ። ከተማዋ የሚያስፈልጋት 1,750 ሠራተኛ ሲሆን ያላት 1,400 ብቻ ነበር። ወርክሾፖቹ በግማሽ ጉልበት ሠሩ። መሣሪያው ዘገየ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

እህቱ መዝገቡን ስታነብ

በማግስቱ እህቱ ልትጠራው መጣችና እኛ ዘንድ ቆየች። በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። «እስቲ የገቢና የወጪውን ገጽ አሳየኝ» አለችው። የገንዘብ አማካሪው ገጽ ያለፈውን ዓመትና የአሁኑን ጎን ለጎን ያሳያል። ወረቀት አውጥታ ገለበጠችው። ያለፈው ዓመት ይህን ይመስል ነበር፦

ገቢ፦ ግብር 2,900፣ ሽያጭ 3,080። ድምር 5,980።

ወጪ፦ ደመወዝ 3,640፣ ግዢ 1,940፣ ግንባታ 2,800፣ ወለድ 220፣ የገዥው ደመወዝ 720፣ በሌባ የጠፋ 120። ድምር 9,440።

ጉድለቱ 3,460 ዲናር ነው። ዓመቱ የጀመረው በ440 እዳ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ወጪው አልነበረም። «ከሦስት ዓመት በፊት ሽያጭህ ስንት ነበር?» አለችው። አሮጌ ሴቭ፣ ማለትም ቀደም ሲል ያስቀመጠውን የጨዋታ ቅጂ ከፈተ። 7,900 ነበር። «ታዲያ 4,800 ዲናር የት ሄደ?» አለች። መልስ አልነበረንም። ሽያጩን በየዕቃው አየን። ሸክላ 22 ጭነት ተሽጧል። የጦር መሣሪያ ዜሮ።

ዜሮ የሆነው ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው፣ ጌሙን ስለማውቀው። የጦር ካምፑ ወታደር ማሠልጠን ካለበት የወርክሾፑ ጋሪ መሣሪያውን መጀመሪያ ወደ ካምፑ ይወስዳል። መጋዘን የሚደርሰው የተረፈው ነው። ሦስት ያልሞሉ የሌጂዮነር ምሽጎች ካሉ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ተኩል ከተማዋ አንድም መሣሪያ አልሸጠችም።

እህቱ አሰላችው። 35 ወታደር፣ 35 ጭነት፣ አንዱ በ180። 6,300 ዲናር። ከጠቅላላው እዳ ይበልጣል። «ይህ ወጪ ነው። ግን ወጪ በሚለው ዓምድ ውስጥ አታገኘውም። ገቢ ውስጥ የጎደለው ነገር ነው» አለች። ብረቱ ግን በግዢ መስመር ላይ ይታያል። ስለዚህ ወንድሟ የሚያየው የብረቱን ወጪ ብቻ ነው፤ የብረቱን ፍሬ አያይም። እንዲያውም በዚያው ሳምንት ብረት መግዛቱን ሊያቆም አስቦ ነበር። 60 ዲናር ለማዳን 180 ሊያጣ ነበር።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

ጌሙን አቆምነው፣ በሌላ ስም ሴቭ አደረግነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ይህ ሁልጊዜ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ከዚያ አንድ ምሽት ሙሉ ስንነጋገር አደርን።

ሦስተኛውን ምሽግ አፈረስነው። 3 ወታደሮች አብረው ጠፉ። ልጁ በጣም ከፋው። ግን ሁለቱ ሙሉ ምሽጎች ስለሆኑ የጦር ካምፑ መሣሪያ መጠየቅ አቆመ። ሊገባ የነበረው 13 ጭነት ወደ መጋዘን ዞረ። በጥቂት ወራት ውስጥ የመጀመሪያው የንግድ ጋሪ መሣሪያ ጭኖ ወጣ። በቦታው የጦር ወርዋሪ ምሽግ ብንሠራ መሣሪያ አይፈልግም ነበር፣ ነገር ግን እዳው 5,000 ላይ ሊደርስ ስለተቃረበ ለአዲስ ምሽግ የሚሆን ክፍተት አልነበረንም።

ደመወዙን ወደ 30 መለስነው። እዚህ ላይ ተከራከርን። ልጁ «እዳ ውስጥ ሆነን ደመወዝ እንጨምር?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለ1,400 ሠራተኛ ልዩነቱ በዓመት 560 ዲናር ነው። አራት ጭነት መሣሪያ ከዚያ ይበልጣል። ባዶ የቆሙት ወርክሾፖች በሠራተኛ ማነስ የሚያሳጡት ግን ከአራት ጭነት እጅግ ይበልጥ ነበር። እህቱ ይህን በቁጥር ስታስረዳው ተቀበለ። ግብሩን ወደ 8 በመቶ አወረድነው።

የገዥውን ደመወዝ ወደ 20 አወረድነው። ይህ ብቻውን በዓመት 480 ዲናር ያተርፋል፣ የቄሳርንም ቅሬታ ያስወግዳል። ካጠራቀመው የግል ቁጠባ ላይ ደግሞ ለቄሳር ስጦታ ላከ። ሞገሱ ከፍ አለ።

የሠራተኛ አማካሪው ገጽ ላይ የትኛው ዘርፍ ቅድሚያ ሠራተኛ እንደሚያገኝ መወሰን ይቻላል። ምግብን አንደኛ፣ እሳትና ሌባ የሚጠብቁትን ፕሪፌክቶች ሁለተኛ፣ ኢንዱስትሪና ንግድን ሦስተኛ አደረግን። ይህን ገጽ ብዙ ተጫዋች ከፍቶት አያውቅም። እኔ በዚህ ጌም ውስጥ ካሉት ገጾች ሁሉ ጠቃሚው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ገንዘብ ሳያስወጣ ከተማ ያስተካክላል።

በመጨረሻ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳውን አፈረስን። 150 ሠራተኛ ይወስድ ነበር።

ያልሠራልን

የፈረስ ሜዳው መፍረስ ያላሰብነውን አመጣ። በአካባቢው የነበሩ ቪላዎች መዝናኛ ስላነሳቸው ደረጃቸው ወርዶ ተራ የጋራ ፎቆች ሆኑ። ከፍተኛ ግብር የሚከፍሉት እነሱ ነበሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነብን። ለሁለት ቀን ልጁ ተስፋ ቆረጠ።

በኋላ ግን ነገሩን ጠለቅ ብለን ስናየው ያን ያህል የከፋ አልነበረም። በዚህ ጌም ቪላ ውስጥ የሚኖሩ ባለጸጎች አይሠሩም። ቤታቸው ወደ ፎቅ ሲወርድ ነዋሪዎቹ እንደገና ሠራተኛ ይሆናሉ። የሠራተኛው እጥረት የቀለለው በከፊል በዚህ ነው። ለቪላዎቹ ይገዛ የነበረው ወይንም ቀረ። ሆኖም ይህን አስልተን አልነበረም ያደረግነው። በዕድል ነው የወጣነው፣ እንደ ዘዴ ማንም እንዲወስደው አልመክርም። ቀስ ብለን አንድ አንድ ነገር ብናፈርስና ውጤቱን ብናይ ይሻል ነበር።

ለቄሳር ሁለተኛ ስጦታ መላክም አልሠራም። ልጁ በወራት ልዩነት ደገመው። ስጦታ በዓመት ውስጥ ሲደጋገም ዋጋው ይቀንሳል፣ ሞገሱ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ገንዘቡ ለከተማዋ ቢሰጥ የተሻለ ነበር።

ማማዎቹም ከንቱ ነበሩ። ግንቡ ባንድ ረድፍ የተሠራ ነበር። ጠባቂዎቹ ላዩ ላይ እንዲመላለሱ ሁለት ረድፍ ውፍረት ያስፈልጋል። ለዚያ የወጣው ገንዘብ በሙሉ ያለ ጥቅም ቀረ።

ጦርነቱ

ጠላት የመጣው በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ነው። 32 ሌጂዮነር፣ ሁለት ምሽግ።

በመጀመሪያው ሙከራ ልጁ አንዱን ጓድ ወደ ካርታው ጫፍ ላከ፣ ሌላውን ከተማዋ ውስጥ አቆመ። ጠላት የፊተኛውን ብቻውን አገኘው። ሰው ሲወድቅ ሞራላቸው ወረደ፣ ሸሽተው ወደ ምሽጋቸው ተመለሱ። ኋላ የቀረው ብቻውን አልቻለም። እርሻዎቹ ተቃጠሉ።

ሴቭ ከፈትንና እንደገና ሞከርን። በሁለተኛው ጊዜ ሁለቱም ጓዶች በድንጋዩና በወንዙ መሃል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ። ወደ ጠላት አልሄዱም። ጠላት ወደ እነሱ መጣ፣ በጠባቡ ቦታ እየተቆራረጠ ገባ። 7 ወታደሮች ሞቱ። ከተማዋ አልተነካችም።

ከድሉ በኋላ እህቱ የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር። «የሞቱት 7ቱ ሲተኩ መሣሪያ ይፈልጋሉ አይደል?» አዎ፣ ይፈልጋሉ። 7 ጭነት፣ 1,260 ዲናር። በዚያ ዓመት ከ25 ጭነት 18 ብቻ የተሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ይህን ጌም በተጫወትኩባቸው ዓመታት ሁሉ የጦርነት ኪሳራን በዲናር አስቤው አላውቅም ነበር።

ውጤቱ

በመጀመሪያው ዓመት ግብር 2,700፣ ሸክላ 3,500፣ መሣሪያ 3,240 ገባ። ወጪው 6,690 ነበር። 2,750 ትርፍ። እዳው ወደ 1,150 ወረደ። ሌብነቱ ወደ 30 ዲናር ዝቅ አለ።

በሁለተኛው ዓመት ትርፉ 3,100 ሆነና ከተማዋ ከእዳ ወጣች። ዓመቱ ሲዘጋ ግን ሮም የትርፉን ሩብ ወሰደች። 775 ዲናር። ልጁ ተናደደ። እዳ ውስጥ ሳለ ይህን ስላልከፈለ አያውቀውም ነበር። ግን ሞገሱ መነሳት የጀመረው በዚሁ ነው።

እውነተኛዋ ሮም ብትሆንስ

ይህን ጉዳይ ሳስብ ጌሙ አንድ ቦታ ላይ ከታሪክ እንደሚለይ አየሁ። በአውግስጦስ ዘመን የአንድ ሌጂዮነር የዓመት ደመወዝ 225 ዲናር ነበር። የልጁ 32 ወታደሮች በዚያ ሒሳብ ቢከፈላቸው በዓመት 7,200 ዲናር ይሆናል። ከዚያ ክፉ ዓመት የከተማዋ ገቢ በሙሉ ይበልጣል። ጌሙ ወጪውን አንድ ጊዜ፣ ያውም በተሰወረ መልክ ያስከፍልሃል። እውነተኛው ሠራዊት ግን በየዓመቱ ይበላል፣ አርጅቶ ሲሰናበትም መቋቋሚያ ይፈልጋል። አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ6 ዓ.ም. ለዚህ ብቻ የተለየ ወታደራዊ ካዝና አቋቁሟል። ገቢው ከውርስ ላይ 5 በመቶ፣ ከጨረታ ሽያጭ ላይ 1 በመቶ ግብር ነበር። ማለትም ሠራዊቱ የራሱ መስመር፣ የራሱ ገቢ ነበረው። ልጁ ያጣው ይህንን ነው።

ግንባታውም ታሪክ አለው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ትራያን የከተሞችን ሒሳብ እንዲመረምር ፕሊኒ የተባለውን ሮማዊ ባለሥልጣን ወደ ቢታንያ ላከው። ዛሬ ሰሜን ምዕራብ ቱርክ ማለት ነው። ፕሊኒ ከዚያ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። የኒቆሜድያ ከተማ ለውኃ መስመር 3,318,000 ሴስተርስ አውጥታ ሥራው ተጥሎ እንዳገኘው ጽፏል። አራት ሴስተርስ አንድ ዲናር ነው። በዚያችው ከተማ ትልቅ እሳት ከተነሳ በኋላ 150 ሰው ያለበት የእሳት አደጋ ቡድን እንዲቋቋም ጠየቀ። ትራያን እንዲህ ያለ ማኅበር ወደ ፖለቲካ ይዞራል ብሎ ከለከለ። በጌሙ ውስጥ ፕሪፌክት ሠርተን በነፃነት የምናሰማራው እኛ ከፕሊኒ ይልቅ ታድለናል።

ሌላ ከተማ ላይ የሚሠራው

ከዚህ ጉዳይ የወሰድኳቸውን እነሆ፤ ልጁ ላይ የሠሩ ናቸው።

አንድ ዕቃ ለሠራዊትም ለሽያጭም የሚውል ከሆነ ምሽግ ከመሥራትህ በፊት ስንት ጭነት እንደሚወስድ ቁጠር። 16 ወታደር ማለት 16 ጭነት ነው። በሽያጭ ዋጋው አባዛውና ያንን ገንዘብ እንደወጣ ቁጠረው። ከዚያ ከምሽጉ ግንባታ ዋጋ ጋር ደምረው። ይህን ካደረግህ በኋላ ሦስት ምሽግ ባንድ ጊዜ የምትሠራ አይመስለኝም። አንዱ ሲሞላ ሌላውን መጀመር ይሻላል። የመሣሪያ አቅርቦት ቀጭን ከሆነ አንዱን ምሽግ ጦር ወርዋሪ አድርገው። ሌጂዮነሩ ፊት ሲቆም ጦር ወርዋሪው ከኋላ ይጠቅማል።

ጉድለት ሲያጋጥምህ ወጪውን ከማየትህ በፊት ገቢውን ካለፉት ዓመታት ጋር አስተያይ። የቀነሰውን መስመር ፈልግ። ለዚህ አሮጌ ሴቮችን አታጥፋ። በየጌሙ ዓመት መጀመሪያ አንድ ሴቭ ማስቀመጥ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም፣ እኛን ያዳነን እሱ ነው።

ግብርና ደመወዝን ባንድ ጊዜ አትንካ። አንዱን ቀይር፣ ጥቂት ወራት ጠብቅ፣ ሕዝቡን ተመልከት።

የሽያጭ ገጹ ላይ «ከዚህ መጠን በላይ ብቻ ይሸጥ» የሚል ቁጥር አለ። ዜሮ ላይ አትተወው። በሁለተኛው ዓመት ቄሳር 5 ጭነት መሣሪያ ሲጠይቅ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር በሳምንቱ ላክን። ባይኖር ኖሮ ወር እየቆጠርን እንጨነቅ ነበር።

አሁን ያለበት

ልጁ ያችን ከተማ ጨርሶ ተሾመ። ለሚቀጥለው ደግሞ ጦርነት ያለበትን አውራጃ መረጠ። ከላፕቶፑ ጎን አንድ ደብተር ተቀምጧል፣ እህቱ የሰጠችው። በእጁ ያሰመረው አንድ ዓምድ አለበት፣ ርዕሱ «ለምሽግ የሄደ መሣሪያ» ይላል። ባለፈው እሁድ ሳየው ዓምዱ ላይ 16 ተጽፎ ነበር፣ ከሥሩ 2,880።